ከአምስት መቶዎቹ አደባባይ እስከ ቅዱስ እስጢፋኖስ፦ አንድ ቅዳሜ በሮም

በሮም ተርሚኒ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የተንጣለለው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኰቸንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። ከባቡር የወረደው ሻንጣውን እየጎተተ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ስልኩን እየነካካ ያልፍበታል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን መልሱን አንዴ ከሰማ በኋላ አደባባዩን እንደ ቀድሞው በዝምታ ማቋረጥ ይከብደዋል። አምስት መቶዎቹ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ከምጽዋ ብዙም በማይርቀው ዶጋሊ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1303 የተመሠረተው የሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ከዚህ ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ነው። እዚያ የሚማር የአበሻ ልጅ በሳምንቱ ቀናት ይህን አካባቢ የሚያውቀው በጥድፊያ ነው፤ ክፍል ለመድረስ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ፣ ርካሽ የስልክ ካርድ ለመግዛት። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ከተማዋ ሌላ ፊት ታሳያለች። ለጎብኚ የሚታደለው ዝርዝር የታወቀ ነው፤ ኮሎሲየም፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ በዚያው ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴም በዚያው ድንጋይ ላይ፣ ሌላ ዝርዝር አለ። የአንድ ቀን የሜትሮ ትኬትና ጠንካራ ጫማ ይበቃዋል።

ጉዞው የሚጀምረው ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ከጥንቱ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ ካለች ትንሽ የዛፎች ቦታ ነው። እዚያ መካከል አንድ ቀጭን የግብፅ ሐውልት ቆሟል። ድንጋዩ ራሱ ከ6 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ትልቅ ያስመሰለው መሠረቱ ነው። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይታያል። ከላይ የፈርዖን ራምሴስ 2ኛ ሂሮግሊፍ ተቀርጿል፤ ወፉ፣ ዓይኑ፣ ሞገዱ በግልጽ ይለያል። ከታች በመሠረቱ ላይ በላቲን ፊደል የወታደሮች ስም ተደርድሯል። ሐውልቱ ከግብፅ የመጣው ለጥንታዊቷ ሮም የኢሲስ መቅደስ ጌጥ እንዲሆን ነበር። መቅደሱ ፈርሶ ድንጋዩ በመሬት ውስጥ ለዘመናት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 ተቆፍሮ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ጣሊያን በዶጋሊ ያለቁባትን ወታደሮች የምታስብበት መታሰቢያ ስታጣ፣ ሦስት ሺህ ዓመት ያስቆጠረውን የፈርዖን ድንጋይ በጣቢያው ፊት አቆመችው። አሁን ወዳለበት ቦታ የተዛወረው በ1920ዎቹ ነው።

በአፍሪካ ምድር ለወደቀ የወራሪ ጦር፣ ከአፍሪካ የመጣ ድንጋይ ተሰጠው። የዚህ ሐውልት ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ በባቡር ጣቢያው ፊት የቆመውን ወርቅ ቅብ የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ሮም አመጡትና በዚህ ሐውልት ሥር አኖሩት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 15 ቀን 1938 ከኤርትራ የመጣ አንድ አስተርጓሚ ወጣት እዚህ ቆመ፤ ዘርዓይ ድረስ። የአገሩን አንበሳ በባዕድ አደባባይ የድል ምርኮ ሆኖ ሲያየው ተንበረከከ፣ ተቃውሞውን ጮኸ፣ ሊያስቆሙት የመጡትንም በጎራዴው አቆሰለ። ከዚያ በኋላ የጠበቀው እስር ነው፤ በሲሲሊ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶበት እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያው አረፈ። ለአገሩ ሰው ስሙ አልጠፋም፤ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አንዱን መርከቡን «ዘርዓይ ድረስ» ብሎ ሰይሞ ነበር። አንበሳውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ገባ፤ ዛሬ ለገሃር ፊት ቆሞ የሚታየው እርሱ ነው። በሮሟ የዛፎች ቦታ ዛሬ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ሰዎች ሳንድዊች ይበላሉ፣ እርግቦች ፍርፋሪ ይለቅማሉ።

ከተርሚኒ በሜትሮ ቢ መስመር ሦስት ፌርማታ ተሂዶ «ቺርኮ ማሲሞ» ላይ ሲወረድ፣ ከመሬት በታች ወጥቶ የመጀመሪያው የሚታየው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ነጭ ሕንፃ ሲጀመር ለፋሺስት ጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታቀደ ነበር። ከፊቱ ያለው ቦታ ፖርታ ካፔና ይባላል። እውቁ የአፒያ ጥርጊያ መንገድ ከጥንቷ ሮም ወደ ደቡብ ሲወጣ የሚጀምረው ከዚህ በር ነበር። የአክሱም ሐውልት ለ60 ዓመታት ከበለጠ ጊዜ የቆመውም እዚሁ ነው።

ዛሬ የሐውልቱ ቦታ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የመስከረም 11 የኒው ዮርክ ጥቃት ሰለባዎችን ለማሰብ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች በአደባባዩ ቆመዋል፤ የቀረው መኪና የሚዞርበት መንገድ ነው። ይህን ባዶ ቦታ ለማየት መምጣት ለሌላ ጎብኚ ትርጉም ላይሰጥ ይችላል። ለአክሱም ልጅ ግን በሮም ካሉት ሐውልቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ የሌለው ሐውልት ነው።

ሐውልቱ 24 ሜትር ቁመትና ወደ 160 ቶን ክብደት አለው። የተቀረጸው በ4ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። እንደ ፎቅ ቤት ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ የማይከፈት በር፣ ከበላዩ መስኮት በመስኮት ላይ፣ በየደርቡ መካከል ደግሞ የእንጨት ወጋግራ ጫፍ የሚመስሉ ክብ ቅርጾች። እነዚያን ክቦች የአገሩ ሰው «የዝንጀሮ ራስ» ይላቸዋል። የጣሊያን ጦር ሲያገኘው ወድቆ ተሰባብሮ ነበር። ቁርጥራጩ በከባድ መኪና ምጽዋ፣ ከዚያም በመርከብ ናፖሊ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1937 ሙሶሊኒ ወደ ሥልጣን የመጣበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ፖርታ ካፔና ላይ ተተከለ።

ጣሊያን ጦርነቱን ከተሸነፈች በኋላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 ፓሪስ ላይ የፈረመችው የሰላም ውል 37ኛ አንቀጽ ጉዳዩን በማያሻማ ቃል አስቀምጦት ነበር። ከጥቅምት 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ንብረቶችና መዛግብት በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ነበር ውሉ። የ18 ወሩ ቀጠሮ ግን ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ክብደቱ፣ የመጓጓዣው ወጪ፣ የመንገዱ አስቸጋሪነት በየተራ ምክንያት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1997 አዲስ ስምምነት ተፈረመ። በግንቦት 2002 መብረቅ የሐውልቱን ጫፍ መታው፤ ከዚያ በኋላ እዚህ ይቆይ ብሎ መከራከር ከበደ። በ2003 መፍታት ተጀመረ።

ለአክሱም ሰው የማይረሳው ቀን ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በሦስት የተከፈለው ሐውልት የመጀመሪያ ክፍል በግዙፉ አንቶኖቭ 124 የጭነት አውሮፕላን አክሱም አረፈ። በሳምንቱ ውስጥ ቀሪዎቹ ሁለቱ ተከተሉ። ተመልሶ የቆመው ሐውልት በይፋ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ የሚሌኒየሙን ዓመት ልትሰናበት የቀሯት ጥቂት ቀናት ነበሩ። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ተማሪ ፖርታ ካፔና ላይ ቆሞ ሐውልቱን በዓይነ ሕሊናው የሚተክለው ስላላየው አይደለም፤ አገሩ ላይ በቦታው ቆሞ ስላየው ነው።

ከዚህ አደባባይ ወደ ሰሜን የሚወጣው ዛፍ የጋረደው ቀጥ ያለ መንገድ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ነው። ድል ያደረጉ የሮም የጦር አዛዦች ምርኮኞቻቸውን እየነዱ ወደ ከተማዋ የሚገቡት በዚሁ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ግን በዚህ መንገድ አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ሮጠበት። የደረት ቁጥሩ 11 ነበር።

የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ከካፒቶሊን ኮረብታ ሥር የተነሣው ከቀትር በኋላ ነው፤ የሮምን ሙቀት ለመሸሽ ሲባል። ሯጮቹ በአፒያ ጥርጊያ መንገድ ሲመለሱ ጨልሞ ነበር። ችቦ የያዙ ወታደሮች በሁለቱም ጎን ተሰልፈው መንገዱን ያበሩላቸው ነበር። በጨለማው መካከል ሁለት ሰዎች ብቻ ጎን ለጎን ቀሩ፤ አበበ ቢቂላና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም። አበበና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው አይተውት ነበር። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። የመጨረሻውን ርቀት ብቻውን ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2፡15፡16.2 አሳየ። ያን ጊዜ በማራቶን የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። ሞሮኮአዊው የገባው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው። አበበ ወርቁን ያጠለቀ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ኦሎምፒያን ሆነ፤ በማግሥቱ አዲስ አበባ እንቁጣጣሽን ያከበረችው በዚህ ወሬ ነው።

ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ያለው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቅዳሜ ጠዋት በዝግታ ለሚራመድ ሰው የአሥር ደቂቃ ጉዞ ነው። ጥላውን የሚጥለው የሮም ጥድ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ረጅም፣ ቅርንጫፉ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ። በስተግራ የፓላቲኖ ኮረብታ ቀይ የጡብ ፍርስራሽ ይታያል። መንገዱ ሲያልቅ ቅስቱ፣ ከጎኑ ደግሞ ኮሎሲየም ብቅ ይላሉ።

ኮሎሲየም እ.ኤ.አ. በ80 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይይዝ የነበረ የትርዒት ሜዳ ነው። ከሮም ሐውልቶች ሁሉ ስሙ የገነነውም እርሱ ነው። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን ፊቱን መጀመሪያ ወደ ቅስቱ ቢያዞር አይፈረድበትም። ቁመቱ 21 ሜትር ነው፤ ከአክሱሙ ሐውልት ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ315 የቆመው ቆስጠንጢኖስ በሚልቪዮ ድልድይ ተቀናቃኙን ድል ላደረገበት መታሰቢያ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት አንድ ነገር ይገርማል፤ ቅርጾቹ የአንድ ዘመን አይደሉም። አንዳንዱ ጥርት ብሎ የተቀረጸ፣ አንዳንዱ አጭርና ግትር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቆስጠንጢኖስ ሠራተኞች ከቀደሙት ከትራያን፣ ከሐድሪያንና ከማርቆስ አውሬልዮስ ሐውልቶች ቅርጾቹን ፈልቅቀው አምጥተው እዚህ ገጠሟቸው። ሮም የራሷን ነገሥታት ድንጋይም ሳትምር በሌላው ላይ ገንብታለች።

ቅስቱና የአክሱሙ ሐውልት የአንድ መቶ ዘመን ልጆች ናቸው። ሁለቱን ያቆሙት መንግሥታትም ይተዋወቁ ነበር። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጣንዲዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል፤ የደብዳቤው ጉዳይ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው ፍሬምናጦስ ነበሩ። ጽሑፉ በአትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። ከ1,600 ዓመት ገደማ በኋላ ሐውልቱ ከቅስቱ በአሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ለመቆም እንደሚመጣ ያን ጊዜ የሚያስብ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጉዞው ወደ ቫቲካን ነው። ከኮሎሲየም ተርሚኒ ተመልሶ በኤ መስመር እስከ ኦታቪያኖ፣ ከዚያ በእግር። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መካከልም ሌላ የግብፅ ድንጋይ ይጠብቃል፤ ከ25 ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ ሂሮግሊፍ ያልተጻፈበት። ሮም ያመጣው ካሊጉላ ነው። አሁን ያለበት ቦታ ያቆመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1586 መሐንዲሱ ዶሜኒኮ ፎንታና ነው፤ ወደ 900 ሰዎችና ብዙ ፈረሶች በገመድና በመዘውር ስበው። በሮም እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ሐውልቶች 13 ናቸው፤ ስምንቱ ከግብፅ የመጡ፣ የቀሩት ሮማውያን በእነርሱ አምሳል ያሠሯቸው። አንቶኖቭ ተሳፍሮ ወደ እናት አገሩ የተመለሰ ግን የአክሱሙ ነው።

እስካሁን የታየው በአብዛኛው የተወሰደ ነገር ታሪክ ነው። ከባዚሊካው መካከለኛ በር ጀምሮ ግን ታሪኩ መልኩን ይቀይራል። የነሐሱን በር ፊላሬቴ የተባለው ቀራጺ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1445 ነው። ከትላልቆቹ ሥዕሎች ሥር ባሉት ጠባብ ረድፎች የፍሎረንስ ጉባኤ ታሪክ ተቀርጿል፤ በ1441 ከግብፅና ከኢትዮጵያ ገዳማት የመጡ መነኮሳት ወደ ሮም ሲገቡ ይታያሉ። ሰልፉ ጠባብ ነው፣ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ዝም ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። ቆም ብሎ ለሚፈልገው ግን የሩቅ አገር ሰዎች በፈረስና በእግር እዚያው አሉ።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ»፣ የአበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ። ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከኢየሩሳሌምና ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆናለች። መነኮሳቱ ባሕር አቋርጠው የመጡ ናቸው። ሮም እነርሱን ስታስተናግድ አውሮፓ ከእነርሱ ተማረች። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ግእዝን ከእነዚህ መነኮሳት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚሁ ሮም በግእዝ አሳተመ። በግእዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው።

ከእነርሱ መካከል ስሙ የገነነው አባ ተስፋ ጽዮን ነው። የደብረ ሊባኖስ ገዳም በግራኝ አሕመድ ጦርነት ሲቃጠል ከአገር ወጥቶ በ1530ዎቹ ሮም ደረሰ። ጣሊያኖች «ፒዬትሮ ኢንዲያኖ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ከሁለት ወንድሞች ጋር ሆኖ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። አስከሬኑም ያረፈው በዚችው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1649፣ አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ሮም መጣ፤ ኢዮብ ሉዶልፍ። ግእዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር፤ የጎደለው የሚያስተምረው ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአማራ አገር መካነ ሥላሴ ሰው አገኘ። በ1652 ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ወደ ሉዶልፍ አገር ሄዱ፤ ስለ አገራቸው ሕዝብ፣ ሕግና ቋንቋ ለወራት አስተማሩት። ወደ አገራቸው ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከባቸው እስክንድሮና አቅራቢያ ሰጥማ አለፉ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። የመምህሩ ስም በመጽሐፎቹ ውስጥ ቀርቷል።

ቤተ ክርስቲያኗ ለማንም ክፍት አይደለችም፤ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከላይ ግን ትታያለች። የባዚሊካው ጉልላት 551 ደረጃ አለው፤ በአሳንሰር ለሚወጣ 320 ይቀራሉ። ደረጃው እየጠበበ፣ ግድግዳው ከጉልላቱ ጋር እየተጋደመ ይወጣል፤ ሰውም ትከሻውን ዘምበል አድርጎ ይራመዳል። አናት ላይ ሲደረስ አብዛኛው ጎብኚ ካሜራውን ወደ አደባባዩ ያዞራል። በተቃራኒው በኩል፣ በምዕራብ፣ የቫቲካን አትክልት ስፍራ ነው። ከአረንጓዴው መካከል የጳጳሳዊ ኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ ይታያል። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1919 በዚያችው በቅዱስ እስጢፋኖስ አጠገብ ተመሥርቶ በ1930 ገደማ ወደ አዲሱ ሕንፃ ገባ፤ ዛሬም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሚመጡ ተማሪዎች ይኖሩበታል። ቁልቁል፣ ከባዚሊካው ጀርባ ግድግዳ ሥር፣ ያችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ጣራዋ ይለያል።

አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳኑን አሳትሞ ሲጨርስ ለአንባቢ የጻፈው ይቅርታ አለ። ለስሕተቱ ምሕረት ይለምናል፤ ፊደሉን የለቀሙት ጣሊያኖች ግእዝ ማንበብ አይችሉም ነበር፣ ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም ነበር፤ እንደ ሁለት ዕውሮች እየተመራሩ ሠሩት ይላል። ያ መጽሐፍ የተደከመለት በዚያች ጣራ ዙሪያ ነው።